ሸራው ላይ የሚራገፈው

ኤፕሪል 19

ዛሬ በረዶው ከሐይቁ ለቀቀ። አባዬ ከታንኳ ማውረጃው ተመልሶ በር ላይ ጭቃውን ከቦት ጫማው እያራገፈ «ሄደልን» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እማዬ ሳህን ማጠቧን አላቋረጠችም።

በየዓመቱ ይቺ «ሄደልን» ስትባል ካይሳ በመሰላል ወደ ጣሪያው ዕቃ ቤት ትወጣና ሻንጣዎቻችንን አንድ በአንድ ትወረውራቸዋለች፤ እኔ ከታች እቀልባለሁ። ዘንድሮ ራሴ ወጣሁ። የሚቀልብ ስላልነበረ ሻንጣዬን አንግቤ ወረድኩ። ከዚያ ተመልሼ የሷንም አወረድኩት። እዚያ ላይ ቢቀር አይጥ ይበላዋል።

ካይሳ እህቴ ናት። ሃያ ዓመቷ ነበር። በፌብሩዋሪ ከኮሌጅ ወደ ቤት መኪና ስትነዳ ሞተች። ስለ መንገዱ እዚህ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ጉዞው ነው።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን አራት ሆነን ወደ ሰሜን እንሄዳለን፤ ካይሳ፣ ጓደኛዋ ቴስ፣ ጎረቤታችን ዋይሎንና እኔ። መጀመሪያ ጫካውን በእግር፣ ከዚያ ታንኳዎቹ ከሚጠብቁን ቦታ ጀምሮ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በመቅዘፍ። ውሃው ሲያልቅ ታንኳውን ትከሻ ላይ፣ ሻንጣውን ጀርባ ላይ አድርጎ እስከሚቀጥለው ሐይቅ መሸከም ነው። የዘንድሮውን መንገድ ካይሳ በገና በዓል ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ አስምራዋለች። ካርታው አሁንም መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ አለ። ቴስ ትናንት ደውላ «እንሂድ ወይስ ይቅር?» አለችኝ። እንሂድ አልኳት። ለእማዬ ገና አልነገርኩም።

በጉዞ ላይ ማታ ማታ፣ ከመተኛታችን በፊት፣ እያንዳንዳችን የቀኑን አንድ መልካም ነገር እንናገራለን። ሌላ ሰው ያለውን መድገም ክልክል ነው፤ «የተባለ አይቆጠርም» ትላለች ካይሳ፣ ሕጉን ያወጣችው እሷ ስለሆነች። እዚህ እንደዚያ አደርጋለሁ። የዛሬው፦ መሰላሉ አልተንሸራተተም።

ኤፕሪል 22

ለእማዬ ነገርኳት። «ዘንድሮ ከዚህ ቤት ማንም የትም አይሄድም» አለች። አባዬ ዳቦውን ያይ ነበር።

መልካም ነገር፦ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። እሱን መልካም ነገር ማለት ይቻል እንደሆነ አላውቅም።

ኤፕሪል 27

ቴስ መጣች። ከእማዬ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠው እኔ ኮሪደር ላይ ጫማ የማስር መስዬ ሰማኋቸው።

«ሎሬን፣ ልጁን አስገድጄ አልወስደውም» አለች ቴስ። «ግን ካስቀረሽው ብቻውን ይሄዳል። ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። እሷንም አውቃት ነበር።»

ከዚያ ቴስ «የማራገፊያው ቀን ይወስን» አለች።

የማራገፊያ ቀን የኛ ወግ ነው። ከጉዞው በፊት ግቢያችን ውስጥ ትልቁ ሸራ ይነጠፋል፤ እያንዳንዱ ሰው ሻንጣውን ገልብጦ ያለ የሌለውን ሁሉ ሸራው ላይ ያራግፋል። የማያስፈልገውን አውጥተው የሚጥሉት ሌሎቹ ናቸው፤ ባለቤቱ መሟገት ይችላል እንጂ መወሰን አይችልም። የማይሠራበት ዕቃ አይሄድም። የቀረውን ባለቤቱ ማንም ሳያግዘው ከመሬት አንስቶ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው የሸክም መንገድ እስከ ታንኳ ማውረጃው ደርሶ ይመለሳል። ያልቻለ ይቀራል። ባለፈው ዓመት የዋይሎን የአጎት ልጅ መንገዱ መሃል ቁጭ ብሎ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

«እኔም ቆሜ አያለሁ» አለች እማዬ። «ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ካየሁ አለቀ።»

ቴስ ስትወጣ ሰደርያዬን ይዛ ጎተተችኝ። «ሰምተሃል አይደል? ጫማ ማሰር ይህን ያህል አይፈጅም።»

መልካም ነገር፦ ቴስ።

ሜይ 3

ማሸግ ጀመርኩ። ሁለት ዓይነት ልብስ አለ፤ የውሃና የድንኳን። የውሃው ልብስ ቀን ይለበሳል፣ ይርሳል፣ ማታ ይወልቃል። የድንኳኑ ልብስ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ይቀመጣል፤ ምንም ቢመጣ ቀን አይነካም። ጠዋት ደረቁን አውልቆ ቀዝቃዛውን እርጥብ ልብስ መልሶ መልበስ ግድ ነው። አዲስ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። እኔ አስራ አንድ ዓመቴ እያለ አልቅሻለሁ። ካይሳ የኔን እርጥብ ካልሲ ሌሊቱን ሆዷ ላይ አድርጋ ተኝታ ጠዋት ሙቅ አድርጋ ሰጠችኝ። ለማንም እንዳትናገር አለችኝ፤ ለካ እሷም ሕግ ታፈርሳለች።

ከታች የመኝታ ከረጢት። በላዩ የድንኳን ልብስ፦ የሱፍ ካልሲ፣ የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ ኮፍያ። ጥጥ የለም። ጥጥ ከራሰ አይደርቅም፣ ገላ ላይ ተጣብቆ ሙቀት ይመጥጣል። ከላይ የዝናብ ጃኬት፣ ለምትናከሰው ጥቁር ዝንብ የፊት መረብ፣ የግንባር ባትሪ።

ትርፍ የውስጥ ልብስም ጨምሬያለሁ። ትርፍ ሱሪም፤ ትንሽ አጭር ነው ግን ለመጣፊያ ይሆናል። ቢጫው የዝናብ ጃኬት ቀላል ስለሆነ ቦታ አይዝም።

የካይሳን ቦት ጫማ ሰም ቀባሁት። በገና በዓል «ቀባልኝ» ብላኝ ነገ ብያት ነበር። ስፌቱ ድረስ በጣቴ እያሸሁ ሦስት ጊዜ ደራረብኩበት፤ በየመሃሉ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ሰሙ እስኪጠጣው ጠበቅኩ። ቆዳ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ቢያንስ አይሰነጠቅ። ከዚያ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። የተቀባ ጫማ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይስባል።

ሜይ 4

ሻንጣውን ማንሳት አልቻልኩም።

ሜይ 11

ቸኩያለሁ፤ ነገ የኬሚስትሪ ፈተና አለ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሃልቨርሰን በር ላይ የዱር ሩዝ ሾርባ ትታልን ሄዳለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስንተኛዋ እንደሆነ አላውቅም፤ አንድም ቀን በሩን አንኳኩታ አልጠበቀችም፤ ሳህኗን እንኳ አትጠይቅም። መልካም ነገር እሱ ነው።

ደግሞ ከመኝታ ቤታቸው የሰማሁት። አባዬ፦ «ልጁ የሚያሽገው ለሁለት ነው።» እማዬ፦ «አየሁ።» አባዬ፦ «ምን እንበለው?» እማዬ ምን እንዳለች አልተሰማኝም።

ለሁለት አይደለም። መጠባበቂያ ነው።

ሜይ 16

ቴስ ደወለች። በሁለት ታንኳ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ በሦስት ሰው አንዱ ታንኳ ነፋስ ላይ አይታዘዝም። ይሄን አውቃለሁ። ከትልቁ ከተማ የአክስቷ ልጅ ትመጣለች። ብሪን ትባላለች፣ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ታንኳ የቀዘፈችው አንድ ጊዜ መናፈሻ ውስጥ ነው።

«የት ነው የምትቀመጠው?» አልኳት።

«ኒሎ። ባዶው ቦታ የት እንደሆነ ታውቃለህ።»

ስልኩን ዘጋሁባት። መልሼ አልደወልኩም። ዛሬ ምንም መልካም ነገር አልነበረም።

በኋላ፦ መልሳ የደወለችው እሷ ናት። «ንዴትህን ጨርሰሃል ወይስ ሻይ አፍልቼ ልጠብቅ?» አለች። ይሄ ይቆጠራል።

ሜይ 17

ቅዳሜ። የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሳውናውን፣ አባዬ አነደደ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ አልነደደም ነበር። ሁለታችን ከላይኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ሻንጣህን ጠዋት አነሳሁት» አለ።

«እና?»

«ከበደኝ።»

ድንጋዮቹ ላይ ውሃ ጨመረ። እንፋሎቱ እስኪወርድልን ሁለታችንም አጎነበስን። ከአሁን አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ጀርባውን አዙሮ «እሽልኝ» አለና ብሩሹን ሰጠኝ።

መልካም ነገር፦ አልጠየቀኝም። እንደከበደው ግን ነገረኝ። እሱ ታንኳ ብቻውን የሚያነሳ ሰው ነው።

ሜይ 25

ይሄን ተረጋግቼ ልጽፈው እየሞከርኩ ነው።

ካይሳ ግራጫ የሱፍ ሹራብ ነበራት። በየጉዞው ማታ ማታ እሳት ዳር የምትለብሰው እሱን ነው። የጭስ ልብስ አይታጠብም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይናፈሳል፣ ይታጠፋል እንጂ ውሃ አይነካውም። የሁሉም ጉዞዎች ጭስ በላዩ ላይ ነው። ሰኞ ዕለት መሳቢያዋ ውስጥ አግኝቼው ሻንጣዬ ላይ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ከሐይቁ ስመለስ የለም።

እማዬ ምድር ቤት፣ ማድረቂያው ማሽን ፊት ቆማለች። ሹራቡን በሁለት እጇ ይዛዋለች። የልጅ ልብስ አክሎ፣ ወፍሮ፣ ደድሮ፣ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ሽታው የሳሙና ነው።

«ብል በልቶት እንደሆነ ብዬ ነው» አለች። «ንጹሕ ይዘህ እንድትሄድ።»

እማዬ ሱፍ በሙቅ ውሃ እንደማይታጠብ የምታውቀው ከኔ በፊት ነው። እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት። አሁን የምጽፈውን ያኔ አላሰብኩትም። ያኔ «ማን ንኪ አለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ወደ ላይ ሮጥኩ፤ በሩን ስዘጋው የግድግዳው ሰዓት ወደቀ።

አሁን ተጋድሜ ሳስበው አንድ ቃል ነው የሚመላለስብኝ። «ይዘህ እንድትሄድ» ነው ያለችው። ዘንድሮ ከዚህ ቤት ማንም አይሄድም ያለች ሴት ናት።

ወርጄ ነበር። ምድር ቤት ማንም የለም። ሹራቡ ማሽኑ ላይ ታጥፎ፣ እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ተቀምጧል። አምጥቼ ሻንጣው ውስጥ ከታች አደረግኩት። ለማንም አይሆንም። አውቃለሁ።

መልካም ነገር፦ ታጥፎ ነበር።

ሜይ 26

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሰዓቱ አሁንም ይሠራል» አለች።

ሜይ 31

ዋይሎን ልምምድ አብረን እናድርግ ብሎ መጣ። የግንባር ማንገቻውን፣ ሻንጣውን ከጀርባ የሚይዘውን ጠፍር፣ ግንባሬ ላይ አድርጌ ተንበርክኬ ልነሳ ስል ሻንጣው ወደ ኋላ ጎትቶ ጣለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ወደ ጎን ወደቅኩ።

ዋይሎን ግንድ ላይ ተቀምጦ የሱፍ አበባ ፍሬ ይበላል። «ምድጃው የት አለ?» አለ።

«የምን ምድጃ?»

«የቤታችሁ ነዋ። ኩሽናውን እንዳለ የጫንከው መስሎኝ።»

«ዝም በል።»

«አንተ፣ በውስጡ ምን አለ? ከምሬ ነው። አሳየኝና ግማሹን አሁን እናውጣ። የሚመጣው ቅዳሜ እናትህ ፊት ከምትወድቅ።»

አላሳየሁትም። ለምን እንዳላሳየሁት አላውቅም። ፍሬውን እያካፈለኝ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ አመሸን፤ ሲሄድ ግን «እንድትቀር አልፈልግም» አለ፣ ፊቱን ወደ መኪናው እንዳዞረ። ከዋይሎን አፍ ይሄ ብርቅ ነው።

ሕጉን አውቃለሁ። ካልተነሳ አልሄድም። ካልሄድኩ ያ ቀይ መስመር ግድግዳ ላይ ይቀራል። ግማሹን አውጣ ነው ነገሩ፤ ዛሬ ሁለቴ ከፍቼ ሁለቴ መልሼ ዘጋሁት።

ጁን 7

የማራገፊያው ቀን። እጄ ደክሟል ግን ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ሸራውን እኔና አባዬ አነጠፍን። ቴስ የራሷን በቅጽበት አራገፈች፤ ከሷ የሚወጣ ነገር የለም። ከዋይሎን አንድ የብረት መጥበሻ ወጣ። «ዓሣውን ድንጋይ ላይ እንጠብሰው ታዲያ» ብሎ ተሟገተ፤ ተሸነፈ።

ብሪን ቀጭን ናት፣ ስትናገር እጇን ኪሷ ውስጥ ታደርጋለች። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር። ሻንጣዋን ስትገለብጥ መጀመሪያ የወደቀው ትራስ ነው። ቀጥሎ ሁለት ጂንስ፣ አራት የጥጥ ሹራብ፣ ነጭ የሸራ ጫማ።

«ጂንስ ለምን ሁለት?» አለች ቴስ።

«አንዱ ይርሳል ብዬ።»

ዋይሎን አንደኛውን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። «ይሄ ከራሰ የሚደርቀው ምርቃትሽ ላይ ነው።»

«ፀጉር ማድረቂያ አላመጣሁም» አለች ብሪን። «ይሄ ይታሰብልኝ።»

አባዬ ሳቀ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላውቅም።

ሁሉም ወጣባት። የመኝታ ከረጢት፣ የጥርስ ብሩሽና ኮፍያ ብቻ ቀረ። ሸራው ላይ ቆማ አየችውና «ታዲያ ምን ልለብስ ነው?» አለች። ቴስ ከንፈሯን ነከሰች። ነገ ማለዳ መነሳታችን ነው፤ ከተማችን ውስጥ ያለው ሱቅ ደግሞ የተዘጋ ነው።

«የኔ ሻንጣ ይቅር» አልኩ። «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው።»

«ሕግ ነው» አለች ቴስ።

ዋይሎን ብድግ አድርጎ ገለበጠው።

ሁለት የዝናብ ጃኬት፣ የኔ አረንጓዴው፣ የካይሳ ቢጫው። ሁለት የፊት መረብ። ሁለት ማንኪያ። ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ ሁለት የውስጥ ልብስ፣ ሁለት ኮፍያ። ቦት ጫማዎቹ። እንዲህ ተዘርግቶ ሳየው ለኔም የመጀመሪያዬ ነበር።

«መጠባበቂያ ነው» አልኩ።

«ኒሎ» አለች ቴስ ቀስ ብላ፣ «ይሄ ሱሪ ላንተ ጉልበትህ ላይ ይቀራል።»

«እኔ ነኝ የምሸከመው።»

«እንደምትሸከመው አውቃለሁ። ሕጉ ግን እሱ አይደለም።»

እማዬ ከበራፉ ደረጃ ወረደች። አለቀ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቢጫውን ጃኬት አነሳች፣ አራገፈችው፣ ልብስ ሱቅ ውስጥ እንደሚደረገው ብሪን ትከሻ ላይ ለካችው።

«እጅጌው ትንሽ ይረዝማል» አለች። «ታጥፊዋለሽ።»

ብሪን ጃኬቱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ። «እሱ ካልፈቀደ አልለብስም» አለች።

ሁሉም ጠበቁኝ። የሆነ ትልቅ ነገር መናገር የነበረብኝ መሰለኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን፦ «የቀኙ ኪስ ቀዳዳ አለው። ምንም እንዳትከቺበት።»

«እሺ» አለች። «በቀኝ ምንም።»

ከዚያ ሱሪው፣ ካልሲው፣ የውስጥ ልብሱ ተራ በተራ ወደሷ ሄደ። እኔው ነኝ ያቀበልኳት። ቦት ጫማው ሰፋት፤ «ወፍራሙን ካልሲ አድርጊበት» አልኳት።

መጨረሻ ላይ ሹራቡ ቀረ። እማዬ ስታየው እጇ ቆመ። «ይሄንንም ይዘኸው ነበር?»

«አዎ።»

ማንም አውጣው አላለኝም። ራሴ አንስቼ ሰጠኋት። እዚያው ቀሚሷ ላይ አጠለቀችው። እማዬ ትንሽዬ ሴት ናት፤ ወገቧ ላይ ልክ አለ፣ እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆመ። አባዬ አንገትጌውን አስተካከለላት።

ሻንጣዬን አሰርኩ፣ ማንገቻውን ግንባሬ ላይ አደረግኩ፣ ተንበርክኬ ተነሳሁ። ያን ያህል ቀላል አልነበረም። እስከ ማውረጃው ሄድኩ። ስመለስ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ ከሩቅ በሚታይ አኳኋን። እማዬ መንገዱ ዳር በዚያ ሹራብ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ ላልፋት ስል፣

«አየሁ» አለች። «ዝም ብለህ ሂድ።»

ጁን 8

ማለዳ። መኪናው እየጮኸ ነው። ካርታውን ከግድግዳው ላይ አወረድኩት። እማዬ ሹራቡን ለብሳ ነው ያደረችው፤ ቁርስ ላይ አየሁት። የተጠቀለለ የሄል ዳቦ ሰጥታኛለች፤ አልመዘንኩትም።

ጁን 8፣ ድንኳን ውስጥ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ጫካው ውስጥ መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ ጥቁሯ ዝንብ እንኳ ተስፋ ቆርጣ ተወችን። ሸራውን ወጠርን፣ እሳቱ በስንት ልመና ነደደ። ደረቁን ልብስ ለበስን። ብሪን የካይሳን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ስባ ተቀምጣለች። ከሩቅ ሳያት አንዴ ደነገጥኩ፤ አንዴ ብቻ።

መልካም ነገር መናገር ተጀመረ። ቴስ፣ ዛሬ ማንም እንዳልወደቀ ተናገረች። ዋይሎን የእማዬን ዳቦ አለ። ብሪን ትንሽ አሰበች። የካይሳን ቦት ጫማ አውልቃ እግሯን ወደ እሳቱ ዘርግታለች።

«እግሬ አልራሰም» አለች። «ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ሄጄ እግሬ ደረቅ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።»

ተራው የኔ ሆነ። ቀን ስሄድ ያዘጋጀሁት ሌላ ነገር ነበረኝ፤ ስለ ካርታው። ጠፋብኝ።

«የብሪን እግር ደረቅ መሆኑ» አልኩ።

«የተባለ አይቆጠርም» አለ ዋይሎን፣ እንደ ልማዱ፣ ሳያስበው። ከዚያ የማን ሕግ እንደሆነ ትዝ ሲለው አንገቱን ደፋ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል።

ቴስ እንጨቱን በዱላ ገፋ አደረገችው።

«ዛሬ ይቆጠራል» አለች።